የአዲስ ካሜራ ጥሬ ፋይልና የፎቶግራፍ ቤቶች ሥራ
ከግዢ በፊት ሊጠየቅ ስለሚገባው፣ ከግዢ በኋላም ሊደረግ ስለሚቻለው

በማናቸውም የንግድ ሥራ አንድ መሣሪያ ብቻውን ፍሬ እንደማይሰጥ የታወቀ ነው። የወፍጮ ቤት ባለቤት አዲስ ድንጋይ ከማስገባቱ በፊት ሞተሩና ቀበቶው ከድንጋዩ ጋራ መስማማታቸውን ያጣራል፤ ልብስ ሰፊም የስፌት መኪና ሲገዛ መርፌው በገበያ የሚገኝ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቃል። በፎቶግራፍ ሥራ የተሰማራ ነጋዴ ግን አዲስ ካሜራ በሚገዛበት ጊዜ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው በብዙ ሲከራከር ውሎ፣ ካሜራው የሚያወጣውን ፋይል በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው የፎቶግራፍ ፕሮግራም ማንበብ ይችል እንደ ሆነ መጠየቅን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የዚህ ዝንጋታ ዋጋ የሚታወቀው ሥራው ከተያዘ በኋላ ነው። ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ወይም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በአዲሱ ካሜራው ሙሉ ቀን ሲያነሣ ይውልና ማታ ካርዱን ከኮምፒዩተሩ ጋራ ሲያገናኝ፣ ፕሮግራሙ የፋይሉን ዐይነት እንደማያውቀው ወይም ፋይሉ የተበላሸ እንደሚመስል የሚገልጽ ማስታወቂያ ያወጣበታል። ሠርጉ አይደገምም፤ ቀብዱ ተበልቷል፤ አልበሙ የሚሰጥበት ቀንም ተቈርጧል። ደግነቱ ግን በዚህ ዐይነት አጋጣሚ ሥዕሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናቸው። የጐደለው በካሜራውና በፕሮግራሙ መካከል ያለው መግባባት ነው። ይህም መግባባት በምን ምክንያት እንደሚጐድልና በምን መንገድ እንደሚመለስ ማወቅ ለማንኛውም የፎቶግራፍ ቤት ባለቤት ገንዘብ ነው።

ጥሬ ፋይል ምንድር ነው?

የዛሬው ካሜራ በፊልም ፈንታ ሴንሰር የሚባል ብርሃን መለኪያ አለው። በሴንሰሩ ላይ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነጥቦች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ ነጥብ የደረሰበትን የብርሃን መጠን በቍጥር ይመዘግባል። ነጥቡ የብርሃኑን ብዛት እንጂ ቀለሙን ስለማይለይ፣ በላዩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ይደረግበታል። ይህን የማጣሪያ አደራደር ያወጡት የኮዳክ ኩባንያ ባልደረባ የነበሩት ብራይስ ባየር ሲሆኑ፣ ፈጠራቸው በአሜሪካ የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በባየር አደራደር ከ4 ነጥቦች 2ቱ አረንጓዴ፣ 1ዱ ቀይ፣ 1ዱ ሰማያዊ ይሆናሉ። የቀሩትን ቀለሞች ከጎረቤት ነጥቦች እያመዛዘነ የሚሞላው ፕሮግራም ነው።

ጥሬ ፋይል ማለት እንግዲህ እነዚህ ቍጥሮች ሳይበስሉ እንዳሉ የተቀመጡበት ሰነድ ነው። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል ግን ካሜራው ራሱ ቀለሙን ወስኖ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ የማያስፈልግ የመሰለውን ጥሎ ያበሰለው ነው። በጄፔግ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩ፣ ጥሬው ፋይል እንደ ካሜራው ዐይነት 4,096 ወይም 16,384 ደረጃዎችን ሊይዝ ይችላል። የሙሽራይቱ ነጭ ቀሚስ በፀሐይ ብርሃን ነግቶ የሙሽራው ጥቍር ልብስ በጥላ በሚጨልምበት ሰዓት፣ የጥልፉን መስመርና የልብሱን እጥፋት ለማዳን የሚቻለው በዚህ ትርፍ ነው።

የቀድሞው የፎቶግራፍ ንግድ ይህን ነገር በሌላ ስም ያውቀዋል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ከቤድሮስ ቦያጂያን ጊዜ ጀምሮ፣ የአንድ ፎቶግራፍ ቤት እውነተኛ ሀብት ለደንበኛው የሚሰጠው ወረቀት ሳይሆን ኔጋቲቩ ነበር። ደንበኛው ተመልሶ ሌላ ቅጂ ወይም ትልቅ መጠን ሲጠይቅ ሥራው የሚጀመረው ከኔጋቲቩ ነው። ጥሬ ፋይልም የዛሬው ኔጋቲቭ ነው። ማንበብ ያልተቻለ ኔጋቲቭ ግን በመጋዘን እንደ ተቈለፈና ቍልፉ እንደ ጠፋ ዕቃ ይቈጠራል።

ፕሮግራሙ ስለ ምን አያነብም?

አንደኛው ምክንያት የፋይሉ ቋንቋ አንድ አለመሆኑ ነው። ጄፔግ ዓለም የተስማማበት አንድ ደንብ ሲኖረው፣ ጥሬ ፋይልን በሚመለከት እያንዳንዱ ትልቅ ፋብሪካ የራሱን አጻጻፍ ይከተላል። የካኖን ፋይል ሲአር2 ወይም ሲአር3፣ የኒኮን ኤንኢኤፍ፣ የሶኒ ኤአርደብልዩ፣ የፉጂፊልም አርኤኤፍ ይባላል። በስም አንድ የሆኑት እንኳ በውስጣቸው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ የ10 ዓመት የኒኮን ፋይልና የዘንድሮው የኒኮን ፋይል መጨረሻቸው ላይ ያለው ስም አንድ ቢሆንም፣ ቍጥሮቹ የታጨቁበት ዘዴ ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ያለ ነው። ፕሮግራሙ የፋይሉን አጻጻፍ ቢያውቅም እንኳ የካሜራውን ጠባይ ማወቅ አለበት፤ ይኸውም ጨለማ የሚጀምርበትን ቍጥር፣ ብርሃን ሞልቶ የሚፈስበትን ቍጥር፣ የሴንሰሩንም ቀለም ወደ ሰው ዐይን ቀለም የሚመልሰውን ስሌት ነው። እነዚህ መለኪያዎች ለእያንዳንዱ የካሜራ ሞዴል ተለክተው በፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ መግባት አለባቸው። መዝገቡ ውስጥ ስሙ የሌለውን ካሜራ አንዳንዱ ፕሮግራም ጨርሶ አልከፍትም ይላል፤ ሌላው ይከፍትና የሰውን ፊት አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ አስመስሎ ያሳያል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑ የታወቁ አጋጣሚዎች አሉ። በ2005 የኒኮን ዲ2ኤክስ ካሜራ የነጭ ቀለም ሚዛንን የሚገልጸውን ክፍል በምስጢር ጽሕፈት አድርጎ በመውጣቱ፣ የፎቶሾፕ ፕሮግራም ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆኑት ቶማስ ኖል ጉዳዩን በይፋ ተቃውመው ነበር። በ2012 ፉጂፊልም ኤክስ-ፕሮ1 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የባየርን አደራደር ትቶ በጐንና በቁመት 6 በ6 የሆነ ሌላ አደራደር ስለ ተጠቀመ፣ ፕሮግራሞቹ የቀለም አሞላል ስሌታቸውን እንደ አዲስ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በ2018 ካኖን ኢኦኤስ ኤም50 ከተባለው ካሜራ ጋራ ሲአር3 የተባለውን አዲስ ፋይል አወጣ። ዳርክቴብል የተባለው ነጻ ፕሮግራም ግን ይህን ፋይል ለማንበብ የበቃው በ2021 መጨረሻ በወጣው 3.8 እትሙ ነው፤ በመካከሉ ከ3 ዓመት በላይ ዐልፏል። በዚያው በ2021 የወጣው ኒኮን ዜድ9 ደግሞ ፋይሉን እጅግ የሚያሳንስ አዲስ አስተሻሸግ ይዞ በመምጣቱ፣ በዚህ አስተሻሸግ የተነሡትን ፋይሎች ነጻ ፕሮግራሞች ለዓመታት ሳያነቡ ቈይተዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ካሜራው ገበያ የሚወጣበት ቀንና ፕሮግራሙ ካሜራውን የሚያውቅበት ቀን አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱም አንዳንድ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜ ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ነው።

አስቀድሞ ችግሩን መለየት

ማስታወቂያው በወጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መረጋጋት ነው። ካርዱን ማጥፋት ወይም እንደ አዲስ ማዘጋጀት ፈጽሞ አይገባም። ካሜራው ራሱ ሥዕሉን በጀርባው መስታወት ላይ አሳምሮ የሚያሳይ ከሆነና አብረው የተነሡት ሁሉ በአንድነት አንከፈትም ካሉ፣ ችግሩ የካርድ ብልሽት ሳይሆን የፕሮግራሙ አለማወቅ መሆኑ እጅግ የሚያስገምት ነው። ከመቶው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ የማይከፈቱ ከሆነ ግን ካርዱን፣ የካርድ ማንበቢያውንና ገመዱን መመርመር ይገባል።

በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የሥዕሎቹ ትንንሽ ምስሎች አለመታየታቸውም ለብቻው አያስደነግጥም። ማይክሮሶፍት ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ የሚሆን ተጨማሪ ክፍል በነጻ ያቀርባል። በማክ ኮምፒዩተር ደግሞ ጥሬ ፋይልን የማንበብ ችሎታ ከዋናው ሥርዐት ጋራ አብሮ ስለሚመጣ፣ ሥርዐቱ ያረጀበት ሰው አዲሱን ካሜራ ላያይ ይችላል። የፋይሉን መጨረሻ ስም መለወጥ፣ ለምሳሌ ሲአር3 የሚለውን ሲአር2 ብሎ መጻፍ፣ ምንም አይጠቅምም፤ የጆንያውን ጽሑፍ በመለወጥ ገብሱ ስንዴ አይሆንምና።

አራት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ፕሮግራሙን ማደስ ነው። ፕሮግራሙ በሕጋዊ መንገድ የተገዛና ዛሬም በአምራቹ የሚደገፍ ከሆነ፣ አዲሱን እትም ማስገባት ብቻውን ችግሩን ሊያስወግድ ይችላል። ሆኖም በአንድ ጊዜ ክፍያ የተገዙ አሮጌ ፕሮግራሞች እስከ ተወሰነ ቀን ብቻ የታደሱ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አዶቤ በአንድ ጊዜ ክፍያ ከሸጣቸው የመጨረሻው ላይትሩም 6 በ2015 ወጥቶ፣ እድሳቱ በ2017 መጨረሻ ቆሟል። በ2012 ለወጣው ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ደግሞ የአዳዲስ ካሜራዎች መዝገብ ከ2015 በኋላ አልተጨመረለትም። ከዚያ ወዲህ የመጣ ካሜራ በእነዚህ ፕሮግራሞች በቀጥታ አይነበብም። በሕገ ወጥ መንገድ የተቀዳ ፕሮግራም የሚሠሩም ቢሆኑ እድሳቱን ሲሞክሩ ፕሮግራሙ ሊዘጋባቸው ስለሚችል በአሮጌው እትም ላይ ይቀራሉ፤ በነጻ የተገኘ የመሰለው ነገር በዚህ ሰዓት ዋጋውን ያስከፍላል።

ሁለተኛው መንገድ የካሜራው ፋብሪካ የሚሰጠውን ፕሮግራም መጠቀም ነው። ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል የተባለውን፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ የተባለውን፣ ሶኒም ኢሜጂንግ ኤጅ የተባለውን ለካሜራቸው ገዢዎች ያለ ዋጋ ያቀርባሉ። ፉጂፊልም ኤክስ ሮው ስቱዲዮ በተባለው ፕሮግራም ካሜራው በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ተገናኝቶ ፋይሉን በራሱ አንጐል እንዲያበስል ያደርጋል። የካሜራውን ፋይል ከፋብሪካው የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ካሜራው በወጣ ሰሞን የሚታመነው ይህ መንገድ ነው። ከዚያ ወጥቶ በ16 ቢት ቲፍ ፋይል የተቀመጠ ሥዕል በአሮጌውም ፎቶሾፕ ይከፈታል። ጕድለቱ የቲፍ ፋይል እጅግ ከባድ መሆኑና የሥራው መንገድ መርዘሙ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዲኤንጂ ነው። አዶቤ በ2004 ዲኤንጂ የተባለ ለሁሉ ክፍት የሆነ የጥሬ ፋይል ደንብ አውጥቷል። የዚህ ፋይል ዋና ጥቅም ከላይ የተባለውን የካሜራ ጠባይ በውስጡ ይዞ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ፕሮግራም የካሜራውን ስም በመዝገቡ ባያገኝም ቀለሙን ለማውጣት ይችላል። አዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር የተባለውን መለወጫ ለዊንዶውስና ለማክ ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ፣ ላይትሩም 6 ወይም ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ያለው ፎቶግራፍ ቤት አዲስ ክፍያ ሳይፈጽም በዚሁ መለወጫ አማካይነት ሊሠራ ይችላል። በመለወጫው ምርጫዎች ውስጥ የአሮጌውን ፕሮግራም እትም የሚስማማውን መምረጥ ግን አይዘንጋ፤ አለዚያ የወጣው ዲኤንጂም በአሮጌው ፕሮግራም ላይከፈት ይችላል።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ። መጀመሪያ፣ መለወጫው ራሱ አዲሱን ካሜራ ማወቅ ስላለበት የመጨረሻው እትም መሆን አለበት። ቀጥሎም ከካሜራው የወጣው ዋናው ፋይል መጣል የለበትም፤ የፋብሪካው ፕሮግራም ለምሳሌ የካኖኑ የተለወጠውን ዲኤንጂ ስለማያነብ፣ ዋናውን የጣለ ሰው ወደ ሁለተኛው መንገድ የሚመለስበትን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። እንደ ላይካ ያሉ አንዳንድ ፋብሪካዎች ካሜራቸው ከመጀመሪያው ዲኤንጂ እንዲጽፍ ስላደረጉ፣ ይህ ሁሉ ድካም በአብዛኛው አያገኛቸውም።

አራተኛው መንገድ ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። ዴቭ ኮፊን የተባሉት የፕሮግራም ባለሙያ ከ1997 ጀምሮ ዲሲሮው የተባለውን የጥሬ ፋይል ማንበቢያ ጽፈው ለሕዝብ በመልቀቃቸው፣ ሊብሮው የተባለው መሠረት ከእርሱ ወጣ። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ የተባሉትም ፕሮግራሞች ከባለሙያ ሥራ የማያንሱ ሆነው ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ፕሮግራሞቹን የሚሠሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ስለ ሆኑ አዲስ ካሜራ እስኪገባ ሊዘገይ ይችላል፤ ለመማርም ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በአንድ ጊዜ ሁለት ሠራተኛ ለሚያሠለጥን ቤት ግን ትርፋቸው ዘላቂ ነው።

ከእነዚህ ሌላ፣ ኤግዚፍቱል በተባለው መሣሪያ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የካሜራ ስም በቀድሞው ሞዴል ስም የመተካት ልማድ አለ። ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ዐይነት ሴንሰር ሲኖራቸው አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ቀለሙ ግን ትክክል ለመሆኑ ዋስትና የለውም። የሚሞክረው ሰው ቢኖር በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ እንዳያደርገው ይጠንቀቅ።

የጊዜና የገንዘብ ሒሳብ

ማንኛውም መፍትሔ በነጋዴ ዐይን የሚመዘነው በሒሳብ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ሥዕል ቢነሣና አንዱ ፋይል 30 ሜጋባይት ቢመዝን፣ ጠቅላላው 60 ጊጋባይት ይሆናል። ዋናውንም ዲኤንጂውንም ያስቀመጠ ሰው እስከ 120 ጊጋባይት የሚደርስ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። መለወጫው አንዱን ፋይል በ2 ሴኮንድ ቢጨርስ ሁሉን ለመለወጥ 4,000 ሴኮንድ፣ ማለት ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ እጥፍ ሊሆን ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ሥራ ሌሊት ተጀምሮ ባለቤቱ ሲተኛ የሚጠናቀቅ እንዳይመስል፤ ፋይሎቹን በ200 በ200 ከፋፍሎ መለወጥ ከመሐል ሲቋረጥ የሚደርሰውን ኪሳራ ይቀንሳል።

ደንበኛው የሚያስቸኵል ከሆነ ሥዕሎቹን ሁሉ መለወጥም ግድ አይደለም። በፋብሪካው ፕሮግራም ወይም በካሜራው ላይ አስቀድሞ መርጦ፣ ለአልበም የሚገቡትን 150 ወይም 200 ብቻ መለወጥ ሥራውን ከአንድ ሰዓት ወደ ጥቂት ደቂቃ ያወርደዋል።

የወር ወይም የዓመት ክፍያ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችን በሚመለከት፣ ክፍያው የሚፈጸመው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ መታሰብ አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ያልተለወጠ ክፍያ በብር ሲተመን እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ የፕሮግራሙ ክፍያ እንደ ኪራይና እንደ መብራት በዓመቱ የወጪ ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ፣ ከሠርግና ከምረቃ ሥራ ዋጋ ላይ ድርሻው ሊታሰብ ይገባል። ያለ ዋጋ በሚገኙት መንገዶች መሥራት የሚችል ቤት ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለሁለተኛ የመጠባበቂያ ዲስክ ቢያውለው የተሻለ ነው።

ከግዢ በፊትና ከመጀመሪያው ሥራ በፊት

በጠቅላላው፣ መድኀኒቱ ከሕመሙ መቅደም ይችላል። ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል።

1ኛ/ የሚሠራበትን ፕሮግራም ስምና የእትም ቍጥር ጽፎ ይያዝ፤ ፕሮግራሙን የሚሠራው ድርጅት ከሚያወጣው የካሜራዎች ዝርዝር ውስጥም የሚገዛው ሞዴል በሙሉ ስሙ መኖሩን ያረጋግጥ። ማርክ 2 እና ማርክ 3 በመዝገቡ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች ናቸው።

2ኛ/ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት የራሱን ካርድ በካሜራው ውስጥ አስገብቶ ዐሥር ያህል ጥሬ ሥዕሎች ያንሣ፤ ወስዶም በራሱ ኮምፒዩተር ይክፈታቸው። ካሜራው ከአንድ በላይ የጥሬ ፋይል አስተሻሸግ ካለው ሁሉንም ይሞክር። ያለ ጕድለት የሚያሽገው በፕሮግራሙ ተከፍቶ እጅግ የሚያሳንሰው ባይከፈት፣ በመጀመሪያው መሥራት ችግሩን ያስቀራል።

3ኛ/ መግባባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ካሜራው ጥሬውንና ጄፔጉን አንድ ላይ እንዲጽፍ ያዘጋጅ። ካርዱ ቶሎ ቢሞላም፣ ጥሬው ባይከፈት እንኳ ለደንበኛው የሚታይ ሥዕል አይጠፋም።

4ኛ/ አዲሱን ካሜራ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይደገም ሥራ ላይ ይዞ አይውጣ። ከሠርግ ወቅት አንድ ወር አስቀድሞ በመታወቂያ ፎቶግራፍና በቤት ውስጥ ሥራ ከማንሣት እስከ ማተም ያለውን መንገድ በሙሉ ይፈትን።

5ኛ/ የቀድሞውን ካሜራ ለመሸጥ አይቸኵል። አዲሱ በፕሮግራሙ መዝገብ እስኪገባ ድረስ የቤቱን እንጀራ የሚያበስለው አሮጌው ነው።

6ኛ/ ፕሮግራሙን በሥራ መካከል አያድስ። እድሳቱ የሚገባው በእጅ ያለው ሥራ ተጠናቆ ለደንበኛው ከተሰጠና የሥራው መዝገብ ሌላ ቅጂ ከተያዘለት በኋላ ነው።

ካሜራ አስመጪዎችና ሻጮችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። የሚሸጡት ሞዴል በየትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚነበብ በአንዲት ወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋራ ቢሰጡ፣ የፋብሪካውንም ፕሮግራምና የዲኤንጂ መለወጫውን ኢንተርኔት ለማያገኝ ገዢ የሚያገኝበትን መንገድ ቢያሳዩት፣ የሚያወጡት ወጪ ጥቂት ሲሆን የሚያተርፉት እምነት ብዙ ነው። ገዢው በሳምንቱ ካሜራውን ተሸክሞ ሊመልስ ከሚመጣ ይልቅ፣ በዓመቱ ሌንስ ሊገዛ ቢመጣ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።